የእህቴ ዳቦ

እህቴ የመጀመሪያውን ዳቦ የሸጠችው የእኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነው። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር፣ ሰማያዊ ቀለም በተቀባው የቆርቆሮ በር ፊት፣ የእኔን በርጩማ አውጥታ፣ የእኔን ትሪ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በእኔ ፎጣ ሸፍና። ዛሬ ስለ እሷ የሚያወሩ ሰዎች ይህን አያውቁም። ከትልቁ መጋገሪያና ከመኪኖቹ ነው የሚጀምሩት። እኔ ግን ከበርጩማው እጀምራለሁ፤ በርጩማው የእኔ ነበርና።

ጅቡቲ ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ። ድሬዳዋ ተወልደን ያደግን ሁለት እህትማማቾች ነን፤ እኔ ታላቅ፣ እሷ ታናሽ። አባታችን ጨርቅ ነጋዴ ነበር። እናታችን ለሠርግና ለመውሊድ በምትጋግረው ዳቦ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃት ነበር፤ ሊጥ ማቡካትን ለሁለታችንም ያስተማረችን እሷ ናት። የእኔ እጅ እንደሚሻል ራሷ ትናገር ነበር። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ የትልቋ ነው» እያለች ታቀርባለች። የእህቴ ዳቦ ብዙ ጊዜ አንድ ጎኑ ያርርና ለቤተሰብ ይቀር ነበር። እህቴን ይህ አያስከፋትም። የተቃጠለውን ቅርፊት እየፋቀች፣ እየሳቀች ትበላዋለች።

ካገባሁ በኋላ ባሌ ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ባለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረና ተሻገርን። ሶማሊኛዬን ከጎረቤት፣ ፈረንሳይኛዬን ከገበያ ለቀምኩ። ባሌ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሲወጣ በር ላይ ቆሜ እሸኘዋለሁ። ጎረቤቶቹ «የትራንዚቱ ሚስት» ይሉኝ ነበር። ስሙ ደስ ይለኝ ነበር።

ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት የአሰብን መንገድ በዘጋ ጊዜ የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ሾፌሮቹም አብረው ዞሩ። የእህቴ ባል ከእነሱ አንዱ ነበር። አንድ ቀን እህቴን ከፍራሽ፣ ከድስትና ከትንንሽ ወንዶች ልጆቿ ጋር ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ አመጣትና ቤት እስኪያገኙ ብሎ እኛ ዘንድ አወረዳት። ደስ አለኝ። ከቤተሰቤ ሰው አጠገቤ ሲኖር በዚያ አገር የመጀመሪያው ነበር። የማእድ ቤቴን ዕቃ አሳየኋት፤ የትኛው ሱቅ ዱቄቱ ጥሩ እንደሆነ፣ ውሃ መቼ እንደሚመጣ፣ በሙቀቱ ጊዜ የት እንደሚተኛ ነገርኳት። እንደ ትልቅ እህት ነበርኩ።

የዳቦውን ነገር ያመጣው ባሏ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ባጌት፣ ረጅሙን የፈረንሳይ ዳቦ፣ ቆርሶ አየውና መልሶ አስቀመጠው።

«ይሄ ጠዋት ጥሩ ነው» አለ። «ከሰዓት በኋላ ግን እንደ ጎማ ይሳባል። ሾፌር ደግሞ ዳቦ የሚበላው መንገድ ላይ ነው። እዚያ ፒኬ 12፣ የከባድ መኪናው ማቆሚያ፣ ጭነት ሲጠብቁ የሚውሉትን ብታዪ፣ ወሬያቸው ሁሉ የአገር ቤት ዳቦ ነው።»

በማግስቱ እህቴ የእኔን ዱቄት ወስዳ፣ ጥቁር አዝሙድ ጨምራ፣ ትንንሽ ክብ ዳቦ ጋገረች። አንዳንዱ አርሯል። ያረረውን ለይታ የቀረውን ደጃፌ ላይ ይዛ ተቀመጠች። በዚያ ሲያልፉ የነበሩ ሾፌሮች ሽታውን ተከትለው መጡ። አንዱ ቆርሶ ቀመሰና ጓደኞቹን ጠራ። ትሪው ቶሎ ባዶ ሆነ።

በዚያ ሳምንት እህቴ ማእድ ቤት ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አብረን እንሥራው» አለችኝ። «አንቺ ታቦኪያለሽ፣ እኔ እሸጣለሁ። እጁ ያንቺ ነው፤ አፉ ደግሞ የእኔ።»

ለባሌ ነገርኩት። «የቢሮ ሰው ሚስት መንገድ ላይ ዳቦ ትሸጣለች?» አለ። እኔም እንደሱ ነበር የማስበው። ለእህቴ «ለእኛ አይሆንም» አልኳት። ደግማ አልጠየቀችኝም። በኋላ ብዙ ዓመት ያብሰለሰለኝ እምቢ ማለቴ አይደለም፤ ደግማ አለመጠየቋ ነው። ትንሽ ብትለምነኝ ምን ነበረበት?

ከቤታችን ጀርባ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ዓሣና ዳቦ የሚጋግሩበት የእንጨት ምድጃ ነበራቸው፤ እርጅና ሲጫናቸው ዘግተውታል። እህቴ በተሰባበረ ዐረብኛዋ ሄዳ አነጋገረቻቸው። ቁርሳቸውን በየቀኑ ልትጋግርላቸው ተስማሙና ቁልፉን ሰጧት። ባሏ ከአንድ ጉዞ ሲመለስ ከባድ መኪናውን አስረክቦ አሮጌ ፒክአፕ ገዛ። በስተኋላው ሸራ ወጥሮ፣ ዳቦውን በሣጥን ደርድሮ ወደ ፒኬ 12 ያመላልስ ጀመር። እነሱም ከቤቴ ወጥተው ምድጃው አጠገብ ክፍል ተከራዩ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የዳቦዋ ሽታ ሆነ። በመስኮቴ ይገባል፤ የምዘጋበት መንገድ የለኝም፤ በዚያ ሙቀት መስኮት የሚዘጋ ማን አለ? አልጋዬ ላይ ሆኜ ሽታውን እመረምራለሁ። ዛሬ እርሾው በዝቷል፣ ዛሬ እሳቱ ቸኩሏል እላለሁ። ስሕተት ያገኘሁ ቀን ቀኑ ደህና ይውላል።

ሰው ቀጠረች። በመጀመሪያ ሁለት የሰፈር ሴቶች፣ ከዚያ ከሐረር የመጣ ጋጋሪ፣ ከዚያ ቁጥራቸውን ተውኩት። ወደ የመን ለመሻገር በከተማው የሚያልፉት የእኛ አገር ልጆች ምድጃው ጋ ይቆሙ ነበር። ለአንዳንዶቹ ሥራ፣ ለሌሎቹ ዳቦ ትሰጣቸዋለች። ከፈረንሳይ ያገለገለ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን በመርከብ አስመጣች፤ ከወደብ ያወጣላት ባሌ ነበር። በቢሮ ሥራው ስለረዳት በሰፈሩ ሰው ፊት አመሰገነችው። ቤት ሲገባ ደስ ብሎት ነበር።

«እህትሽ ትልቅ ሴት ናት» አለኝ።

«ምን አደረገች?» አልኩት። «ማሽኑ ነው የሚያቦካው።»

ነጭ ሸሚዙን አውልቆ ሰቀለው።

እሷ በየማለዳው ዳቦ ትልክልኛለች። ከምድጃው የወጣ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ትኩስ። አንድም ቀን አላቋረጠችም። ልጆቼ ይሻሙበታል። እኔ ሱቅ ሄጄ ባጌት እገዛለሁ። ባጌት እንደምወድ ለሁሉም ተናግሬ ነበር። አንዳንዴ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ የተረፈውን የእሷን ዳቦ ቆሜ እበላው ነበር። ጥሩ ነበር። በደንብ ጥሩ ሆኖ ነበር፤ ያ ነው ያስቸገረኝ። መጥፎ ቢሆን ኖሮ እወዳት ነበር።

በሰፈሩ ስሜ ተቀየረ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ በሶማሊኛ «ይቺ የዳቦዋ ሴትዮ እህት ናት» ስትላት ሰማሁ። እኔ እዚያ መንደር ውስጥ ቀድሜ የኖርኩት። እህቴን ሱቅ ያሳየኋት። ሴትየዋ ክፉ አልተናገረችም፤ እንዲያውም በአክብሮት ነበር። ሰላም ብያት አለፍኩ፤ ቤት ገብቼ ግን ሽንኩርቱን ሳልልጥ ብዙ ተቀመጥኩ።

የባሌ ቢሮ ሥራው ሲቀንስ ወደ አርሂባ፣ ወደብ አጠገብ ወዳሉት ብሎኮች ገባን። ኪራዩ ይሻል ነበር። እውነቱን ስናገር ከሽታውም ለመራቅ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎረቤቶቼ አፋሮች ሆኑ፤ ስለ እህቴ የሚያውቅ የለም ብዬ ተስፋ አደረግሁ። በመጀመሪያው ጠዋት ከመስኮቴ ሥር ፒክአፑ ጡሩምባ ነፋ። የብሎኩ ልጆች እየሮጡ ወረዱ። አርሂባም ትሸጥ ኖሯል።

አባታችን ሲሞት እናታችን ድሬዳዋ ብቻዋን ከምትሆን ብለን አመጣናት። የትኛችን ዘንድ ትኑር የሚል ወሬ አልተነሣም፤ ታላቅ እኔ ነኝ፣ እኔ ዘንድ አረፈች። እህቴ ያኔ ሰፊ ቤት ነበራት፤ የእኔ ክፍል ጠባብ ነበር፤ እናቴ ግን አልጋዋን ከሴት ልጄ አልጋ አጠገብ ዘረጋች። ይህን ያህል እንኳን የእኔ ሆነ ብዬ ልቤ ሞላ።

ብዙ አልቆየም። እናቴ የከሰዓቱን ሶላት፣ ዐስርን፣ ሰግዳ ስትጨርስ ሻሿን ታስርና «መኪናው መጣ?» ትላለች። የእህቴ ባል ይመጣል፤ እጇን ይዞ ያወርዳታል፤ ወደ መጋገሪያው ይወስዳታል። እዚያ የራሷ ወንበር ተቀምጦላታል። ሠራተኞቹ ሊጥ ያቀርቡላታል፤ በጣቷ ትጫነዋለች፤ «ይረፍ» ወይም «ይግባ» ትላለች። ሾፌሮቹ «እማማ» እያሉ ጉልበቷን ይስማሉ። ማታ ስትመለስ ቀሚሷ ላይ ዱቄት አለ። እኔ ቀኑን ሙሉ ያበሰልኩትን አቀርባለሁ። «እዚያ ቀምሼ ጠገብኩ» ትለኛለች።

አንድ ዒድ ላይ ራሴ ልጋግር ወሰንኩ። ብዙ ዓመት አልጋገርኩም ነበር። ሊጡን በእጄ አሸሁ፤ በልጅነቴ እንደማደርገው ጨርቅ ሸፍኜ አሳደርኩት፤ በትንሿ የጋዝ ምድጃዬ እየዞርኩ እየጠበቅሁ ጋገርኩት። ምንም አላረረም። ለእናቴ ቆርሼ ሰጠኋት። አላመጠች። ዐይኗን ጨፈነች። እህቴም ባሏም ልጆቻችንም ተቀምጠዋል።

«ማሻአላህ» አለች። «ልክ እንደ እህትሽ ሆኖልሻል።»

ልታመሰግነኝ ብላ ነው። ይህን አውቃለሁ። እህቴ ወዲያው «እንዴ፣ እኔ ነኝ እንጂ ከእሷ የተማርኩት» አለች። እናቴ ጆሮዋ ደክሞ ስለነበር አልሰማችም። እኔ ሰሃን ይዤ ወደ ማእድ ቤት ሄድኩ። ሰሃኑ ንጹሕ ነበር፤ ቢሆንም አጠብኩት።

እናቴ ያረፈችው በሞቃቱ ነፋስ ወቅት፣ በቤቴ፣ በአልጋዋ ላይ ነው። የቀብሩን ቀን እህቴ መጋገሪያውን ዘጋች። በአርሂባ ደረጃ ላይ ለቅሶ የመጡት ሾፌሮች ሰልፍ እስከ መንገዱ ደረሰ። ሁሉም እጅ የሚነሡት እህቴን ነበር። እኔ በቤቴ ውስጥ እንግዳ መሰልኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጄ ከሱቅ አዲስ የዳቦ ከረጢት ይዛ መጣች። እስከዚያ ዳቦው በተራ ላስቲክ ነበር የሚሸጠው። አዲሱ ከረጢት ዱባይ የታተመ ነው፤ ከፊቱ የእናቴ ፎቶ አለ፤ ሻሿን አስራ፣ ትንሽ ፈገግ ብላ። ፎቶውን አወቅሁት። ድሬዳዋ፣ በሠርጌ የኒካሕ ቀን የተነሣነው ነው። በዋናው ላይ ከእናቴ ጎን የቆምኩት እኔ ነኝ፤ እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ። ከረጢቱ ላይ እኔ የለሁም። ትከሻዋ ላይ ግን አራት ጣቶች ቀርተዋል፤ የሒናዬ ምልክት ሳይቀር ይታያል።

ያን ቀን ከተማው መሃል ወዳለው ምኒልክ አደባባይ ሄድኩ። እህቴ አደባባዩ አጠገብ መስታወት ያለው ሱቅ ከፍታ ነበር፤ ፈረንሳዮቹም ቡና ይዘው የሚቀመጡበት። ከኋላ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ አገኘኋት፤ ስልክ እያወራች በእጇ ተቀመጪ አለችኝ። አልተቀመጥኩም። ስትጨርስ ከረጢቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ።

«ይሄ የማን ጣት ነው?» አልኳት።

መነጽሯን አድርጋ አየች።

«ያንቺ ነው መሰለኝ» አለች።

«ነው እንጂ።»

«ቆርጠው ያወጡት ዱባይ ያሉት ናቸው። እኔ የሰጠኋቸው ሙሉውን ነው። ጣቱን አላየሁትም፣ ወላሂ።»

«ከተማው ሁሉ አይቶታል።»

«ይስተካከላል» አለች። «አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ።»

እኔ ምን እንደምፈልግ ያኔ አላውቅም ነበር። ቆሜ ጠበቅሁ፤ ከዚያ «በይ እሺ» ብዬ ከረጢቱን አንሥቼ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ከረጢቱን እጥፍ አድርጌ ያዝኩት።

ያ ከረጢት እስኪያልቅ ብዙ ወር ፈጀ። የሚገርመው፣ በእነዚያ ወራት ጣቶቼን በየመንገዱ ማየት ለምጄ ነበር። በአፋር ጎረቤቴ ልጅ እጅ፣ በጫት ሻጮቹ ሴቶች ጠረጴዛ ላይ፣ በነፋሱ እየተንከባለለ የባሕሩ ዳር ላይ። ከዚያ ሁለተኛው ሕትመት መጣ። ጣቶቹ ጠፍተዋል። የእናቴ ትከሻ ለስልሶ፣ ሻሿ በኮምፒውተር ተሞልቶ፣ ማንም ያልነካት ሆናለች። እህቴ የለመንኳትን ያደረገች መስሏት ደወለችልኝ።

«አየሽው? አስተካከሉት» አለችኝ፤ ደስ ብሏታል።

«አየሁት» አልኳት።

ሴት ልጄ ንግድ ተምራ ከዩኒቨርሲቲ ስትወጣ ባንክ ወይም ወደብ ትገባለች ብዬ ነበር። የእህቴ ወንዶች ልጆች ፈረንሳይ ሄደው ቀርተዋል፤ ዳቦ አልፈለጉም። አንድ ቀን ልጄ መጥታ «አክስቴ ጋ ሥራ ጀመርኩ» አለችኝ። አልጠየቀችኝም፤ ነገረችኝ። ለጥቂት ወራት ይሁን አልኩ። ወራቱ ዓመታት ሆኑ። ማታ ስትገባ ፀጉሯ ዱቄት ዱቄት ይሸታል። እራት ላይ ወሬዋ ሁሉ «አክስቴ እንዲህ አለች» ነው። ስትቆጣ ከንፈሯን እንደ እህቴ መንከስ ጀመረች። ከሠራተኞቹ ጋር በስልክ በሶማሊኛ ስታወራ አንዳንዴ እህቴ ወደ ቤታችን የገባች ይመስለኝ ነበር።

«እናቴን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ልጄን» አልኩት ለባሌ። ጡረታ ወጥቶ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ይሰማ ነበር።

«ማንም አልወሰዳቸውም» አለ። «ዳቦ ጋ ነው የሄዱት። አንቺም ብትሄጂ ኖሮ እዚያ ነበሩ።»

«እምቢ ያልከው አንተ ነህ።»

«እኔ ያኔ ነጭ ሸሚዝ ነበረኝ» አለና ሬዲዮውን ቀነሰ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከርንም።

አንድ ረመዳን በከባዱ ሙቀት ላይ መጣ። መብራት ጠፋ፤ የመጋገሪያው ጄኔሬተርም በዚያው ቀን ተቃጠለ። የእህቴ ባል ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ልጄ ከሰዓት ደወለችልኝ።

«እማዬ፣ ነይ» አለች። «ማሽኖቹ ቆሙ። ሊጡ በሙቀቱ እየኮመጠጠ ነው። ከተማው ለማፍጠሪያ ዳቦ ይጠብቃል። አክስቴ ቆማ ታየዋለች።»

ስደርስ እውነትም እህቴ ትልቁ አዳራሽ መሃል ቆማ ነበር፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። አላናገርኳትም። እጅጌዬን ሰብስቤ ሊጡ ውስጥ ገባሁ። ከማሽኑ ገንዳ በእጃችን አወጣነው፤ የኮመጠጠውን በአዲስ ዱቄት አቀዘቀዝነው፤ ጨው ጨመርን። ሴቶቹን በሁለት ረድፍ አቆምኳቸው። ድቡልቡል ማድረግ የማያውቁትን አሳየኋቸው። ከዚያ በፒክአፑ እየጫንን ወደ ካርቲየ 3፣ ወደ ድሮው የየመናዊው ምድጃ ወሰድነው። እህቴ አላፈረሰችውም ነበር፤ እንጨትም ነበረው። ጾም ይዘን፣ ላብ እያጠመቀን፣ አንዱን ሳናወጣ ሌላውን እያስገባን ሠራን። ጣቴን ሊጡ ላይ እጫንና «ይረፍ»፣ «ይግባ» እላለሁ። ሁሉም ይሰማኝ ነበር። ልጄ አየችኝ፤ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

እህቴ ለሠራተኞቹ «እናታችን እጇን የሰጠችው ለእሷ ነው» አለቻቸው፤ ሁሉም በሚሰማበት።

አዛን ሲል ዳቦው ወጥቶ ነበር፤ ሁሉም ባይሆን አብዛኛው። በቴምርና በውሃ አፈጠርን። ሰግደን ስንጨርስ ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ልጄ ሒሳብ ልትዘጋ ወደ ሱቁ ወጣች፤ እኔና እህቴ የዱቄት ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ቀረን። በዚያ ሰዓት ደስ ብሎኝ ስለነበር ይሆናል አፌ የተፈታው።

«ስቀናብሽ ነው የኖርኩት» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ትሪ። ቆመሽ ስታዪኝ አየሁሽ እኮ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት በየጠዋቱ ዳቦ የምትልኪልኝ ለምንድነው?»

ሻሿን ፈታ ፊቷን ጠረገች። ደክማ ነበር።

«ብልክም ትቀኛለሽ፣ ባልክም ትቀኛለሽ» አለች። «ከላክሁ ግን ልጆቹ ይበላሉ።»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ እኔ እጠብቅ ነበር። ነገ ነይ ትለኛለች፣ ከእንግዲህ እዚህ ሁኚ ትለኛለች ብዬ። ተነሥታ የምድጃውን በር ዘጋች።

«ባሌን ሳላየው ዋልኩ» አለች። «ልሂድ።»

በማግስቱ ጄኔሬተሩ ተሠራ። ማንም አልደወለልኝም። አንድ ሳምንት ሙሉ ስልኩን ከጎኔ አላራቅሁም።

የእህቴ ባል ከዚያ ሕመም አልተነሣም። እሱ ካለፈ በኋላ እህቴ ጅቡቲን አልቻለችውም፤ ሙቀቱ ከበዳት፤ መንገዱ ሁሉ እሱን ያስታውሳት ጀመር። ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ሥራ ሲጀምር አገር ቤት ሌላ መጋገሪያ ልትከፍት እንደወሰነች ሰማሁ። የሰማሁት ከጎረቤቴ ነው። የጅቡቲውን ለማን እንደምትተውም ከጎረቤቴ ሰማሁ፤ ለልጄ።

ያን ማታ ልጄን እራት ላይ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እንዴት እንደምትሆኚ ስላላወቅሁ» አለች።

«እንዴት እሆናለሁ? ልጄ አይደለሽም?»

እራቷን መብላት ቀጠለች። ሳትነግረኝ መቆየቷ ትክክል ነበር። ደስታው መጣ፣ እናት ነኝና፤ ግን ከሥሩ ያ የማውቀው ነገር ነበር። በዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ልጄ የሠራችው የጥቂት ዓመት ሥራ ነው፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው ኖሬያለሁ። በገዛ ልጄ ቀናሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

እህቴን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው አዲሱ ጣቢያ ሸኘናት። ሠራተኞቹ አውቶቡስ ተከራይተው መጡ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ። እኔን ስታቅፈኝ «ልጅቷ ጨው ትቀንሳለች፣ ተመልከቻት» አለችኝ ጆሮዬ ሥር። ይህ ግብዣ ይሁን ትእዛዝ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ባቡሩ ሲሄድ እጇን በመስኮት አወጣች መሰለኝ፤ መስኮቱ ግን የሚከፈት ዓይነት አልነበረም።

ልጄ በሚቀጥለው ሳምንት ጠራችኝ። «እማዬ፣ ሐሙስ ሐሙስ ብቅ ብለሽ ሊጡን ብታዪልኝ» አለች። ባሌን ማማከር እንዳለብኝ ነገርኳት። ባሌ ሬዲዮውን እየሰማ «ጫማሽን አድርጊ» አለኝ።

አሁን ሐሙስ ብቻ ሳይሆን ብዙውን ቀን እዚያ ነኝ። ከልጄ ጋር በጨው እንጣላለን። አንድ ሠራተኛ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠልኝ፤ የእናቴን አይደለም፣ አዲስ የፕላስቲክ ነው። አንዳንድ ሾፌሮች «እማማ» ማለት ጀምረዋል። ያን ያህል አላረጀሁም ብዬ በመጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ከዚያ ተውኩት።

እህቴ ከድሬዳዋ በየቀኑ ትደውላለች። እዚያ ያለው መጋገሪያ ገና አልተነሣም፤ ዱቄቱ ሌላ ነው፤ ውሃው ሌላ ነው፤ ሠራተኞቹ አይሰሟትም። ስለ እሱ ብዙ አታወራም። ስለ እኛ ትጠይቃለች፤ ዱቄቱ ገባ ወይ፣ ማሽኑ ተጠገነ ወይ፣ የአርሂባው መኪና በሰዓቱ ይወጣል ወይ። አንድ ቀን ወሬ ሲያልቅብን ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ልጆቹ እኔን ያነሡኛል?»

ሠራተኞቹን ማለቷ ነው። በዚያ ሰዓት እንኳን ከሐረር የመጣው ጋጋሪ ከኋላዬ ሆኖ «እሷ ብትኖር ይሄን ሊጥ አታስገባውም ነበር» እያለ ያጉረመርም ነበር። በየቀኑ ያነሧታል። በየዳቦው ያነሧታል።

«አልፎ አልፎ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ደግማ «እሺ፣ ደህና ዋይ» አለችና ዘጋች። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና እጄን ታጥቤ ወደ ሊጡ ተመለስኩ።